ልጆች ይዞ አገር ቤት ለመጣ ቤተሰብ፦ የትኛው አገልግሎት ሠራ፣ የትኛው አልሠራም

ልጆች ይዞ ከውጭ የሚመጣ ቤተሰብ በአንድ ጉዞ ቢያንስ በአምስት ስድስት አገልግሎት ሰጪዎች እጅ ያልፋል። አየር መንገድ፣ የመኪና ኪራይ፣ ማረፊያ፣ ፋርማሲ፣ አንዳንዴም ክሊኒክና ሞግዚት አሉበት። ለየብቻቸው ሲታዩ አብዛኞቹ ደህና ናቸው። ነገር የሚበላሸው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነው። በስልክ «አለ» የተባለው የልጅ ወንበር ለሾፌሩ ሳይነገረው ይቀራል። ቲኬት ሲቆረጥ የተጠየቀው የሕፃን አልጋም ቼክ-ኢን ላይ ስትደርሱ ኮምፒዩተሩ አያውቀውም። ስለዚህ እዚህ ላይ ፈገግታና መስተንግዶ አልተመዘነም። የተመዘነው የተባለው ነገር በተባለው ሰዓት እጅ ላይ ገባ ወይስ አልገባም የሚለው ነው።

ከበረራው እንጀምር። ከፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የሚገጠመው የሕፃን አልጋ፣ ብዙዎች ባሲኔት የሚሉት፣ ለረጅም የሌሊት በረራ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን በአንድ አውሮፕላን ላይ ያለው ቁጥር ጥቂት ነው፤ የክብደት ገደብም አለው። ገደቡ በየአየር መንገዱ ቢለያይም 10 ወይም 11 ኪሎ የሚሉት ብዙ ናቸው። ወፈር ያለ የ9 ወር ሕፃን፣ ወይም ተደግፎ መቆም የጀመረ፣ አልጋው ቢገኝለትም አይተኛበትም። የቀበቶ ምልክት በበራ ቁጥር ሕፃኑን አንሡና ታቀፉ የሚሉ አየር መንገዶች አሉ። አየሩ የሚያንገጫግጭ ከሆነ ሌሊቱ በማንሣትና በማስተኛት ያልቃል። ሰው የማይነግራችሁ ሌላም ነገር አለ። በዚያ ረድፍ የክንድ ማሳረፊያው ከፍ አይልም፤ ከፊታችሁ ወንበር ስለሌለም አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ የዳይፐር ቦርሳችሁ ላይኛው መደርደሪያ ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት ሁለት ዳይፐር፣ መጥረጊያ፣ አንድ ቅያሪ ልብስና ጡጦ በትንሽ ከረጢት ለይታችሁ ያዙ። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ብቻ ከሆነ የያዛችሁት ይህን ረድፍ አትመኙት። በተራው ረድፍ ማሳረፊያውን ከፍ አድርጎ ልጁን ጭን ላይ ጋደም ማድረግ ይቻላል።

ጆሮ የሚያማቸው ብዙ ጊዜ አውሮፕላኑ ሲወርድ ነው፤ ሲነሣ አይደለም። መውረድ የሚጀምረው ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ስለሆነ ጡት ወይም ጡጦ የሚሰጠው ያኔ ነው። ቀድሞ ጠጥቶ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ስለማይውጥ ጆሮው ይደፈናል፤ በለቅሶ የሚነቃውም ለዚህ ነው።

የሕፃን ጋሪ ላይ የብዙ አየር መንገድ ሠራተኛ «እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ይዘውት መሄድ ይችላሉ» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ይህ የመነሻው ነው። መድረሻ ላይ ጋሪው በሩ ላይ ይመለስላችኋል ወይስ ከሻንጣ ጋር ይወጣል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። መልሱን የሚወስነው የታሰረበት ታግና የመድረሻው ኤርፖርት አሠራር ነው። ትራንዚት ካለ ደግሞ ለየብቻው ይጠየቃል። ይህን ያልጠየቀ ወላጅ የተኛ ልጅ በትከሻው፣ ሌላውን በእጁ ይዞ የፓስፖርት ሰልፍ ላይ ይቆማል። በግምገማችን ዝቅተኛውን ነጥብ ያገኘውም ይህ ነው፤ ጋሪው ጠፍቶ ሳይሆን የት እንደሚወጣ የሚያውቅ ሠራተኛ አለመገኘቱ ነው። ጋሪውን ከማስረከባችሁ በፊት ጎማውን፣ መታጠፊያውንና እጀታውን በስልክ ፎቶ አንሡ። ተሰብሮ ከመጣ ከሻንጣ አዳራሹ ሳትወጡ የጉዳት ሪፖርት አስሞሉና ቁጥሩን ያዙ። በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የተጎዳ ሻንጣ አቤቱታ በጽሑፍ የሚቀርበው ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ ነው። ዘግይቶ ለደረሰ ሻንጣ ጊዜው 21 ቀን ነው። ቤት ገብቶ ዘመድ ሲጠያየቅ ሰባት ቀን እንደ ዋዛ ያልፋል።

አሁን ወደ መኪናው። ከሁሉ በላይ ጠንቀቅ ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ብዙዎች ችላ የሚሉትም ይህንኑ ነው። «የልጅ ወንበር አለን» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የልጁን ቁመት፣ ክብደትና ዕድሜ በጽሑፍ ላኩ፤ ከዚያ የወንበሩንና የኋላ ቀበቶውን ፎቶ አስልኩ። ቀበቶው በትከሻ በኩል የሚያልፍ ባለ ሦስት ነጥብ ነው ወይስ ወገብ ብቻ? ብዙ የልጅ ወንበሮች በወገብ ቀበቶ ብቻ በደንብ አይታሰሩም። በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ የቀበቶው መቆለፊያ በወንበር ልብሱ ሥር ተቀብሮ ማግኘት የተለመደ ነው። ወንበሩ ተገኝቶ የሚታሰርበት ሲጠፋ ያለው ንዴት ልዩ ነው፤ ሰዓቱም ብዙ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

ወንበሩ ሲመጣ ሾፌሩ ይሰረው፣ እናንተ ግን ፈትሹት። ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ወንበሩን ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትም ወዝውዙት። ከሁለት ሴንቲሜትር ተኩል በላይ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። መፍትሔው ቀላል ነው። በጉልበት ወንበሩን ወደ ታች ተጭኖ የላላውን ቀበቶ መሳብ ነው። ቀጥሎ ልጁን አስቀምጡና የትከሻውን ማሰሪያ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሞክሩ። ጨርቁ ከተጨበጠላችሁ ላልቷል። ወፍራም ጃኬት ለብሶ መታሰር የለበትም፤ ማሰሪያው የጠበቀ ይመስላል እንጂ በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ይጨመቅና ልጁ ይወጣል። ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የሚቀመጥ ሕፃን የሚሠራ ኤርባግ ካለበት የፊት ወንበር ላይ በምንም ምክንያት አይቀመጥም። አር129 የሚባለው የአውሮፓ የልጅ ወንበር ደረጃ ልጁ 15 ወር እስኪያልፈው ፊቱን ወደ ኋላ እንዲቀመጥ ያዛል፤ ከዚያ በላይ ቢቆይ ደግሞ የተሻለ ነው። ከፍ ያሉት ልጆችም ቢሆኑ ቢያንስ 135 ሴንቲሜትር እስኪሞሉ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል። ያለዚያ የትከሻው ቀበቶ አንገት ላይ፣ የወገቡም ሆድ ላይ ያርፋል።

የተከራያችሁት ወንበር ከዚህ በፊት አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። አብዛኞቹ አየር መንገዶች የልጅ ወንበርን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጭናሉና ከቤት ይዞ መምጣት በእኛ ሚዛን ከኪራይ ይበልጣል። ሸክሙ ያማርራል፤ ግን የምታውቁት ወንበር ነው። ዘመድ መኪና ይዞ ሊቀበላችሁ ሲመጣ «ቅርብ ነው፣ ታቅፈሽው ግቢ» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል። ወንበሩ እጃችሁ ላይ ካለ ግን ክርክሩ አጭር ነው።

መንገዱ ጠመዝማዛ ከሆነ ማስታወክ አይቀርም። በተለይ ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉት ናቸው የሚቸገሩት። ስልክና መጽሐፍ ቀምታችሁ በፊት መስታወት በኩል ሩቅ እንዲያዩ አድርጉ፤ መስኮት ከፈት ይበል፤ በየሰዓት ተኩሉ ቁሙ። ሾፌሩን ስትቀጥሩ ስለ ፍጥነት ከመነጋገር ይልቅ «ስንጠይቅህ ትቆማለህ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ መስማማት ይጠቅማል። በዚህ በኩል ጥሩ ሾፌር ማለት ከእናንተ ቀድሞ በመስታወት የልጁን ፊት የሚያይ ነው።

ማረፊያ ላይ «የቤተሰብ ክፍል» የሚለው ስም ከአንዱ ወደ ሌላው ትርጉሙ ይለያያል። አንዱ ጋ የሚያገናኝ በር ያላቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ሌላው ጋ ተራ ክፍል ውስጥ የተጨመረ ፍራሽ ነው። የአልጋዎቹን ቁጥርና ስፋት በጽሑፍ ጠይቁ። የሕፃን አልጋ ሲመጣ ፍራሹና ጎኑ መካከል ሁለት ጣት ከገባ ክፍተቱ ሰፊ ነው። የሚታጠፈው የጉዞ አልጋ ቀጭን ፍራሽ አለውና አንዳንድ ደግ ሠራተኛ «ይድላው» ብሎ ሁለተኛ ፍራሽ ይደርብበታል። መልሱለት። ተጨማሪው ፍራሽ ከጎኑ ክፍተት ይፈጥራል፤ ሕፃን እዚያ ውስጥ ፊቱ ተደፍቶ ሊታፈን ይችላል። ዓመት ያልሞላው ልጅ ከጠፍጣፋና ጠንካራ ፍራሽ በቀር ትራስም ወፍራም ብርድ ልብስም አያስፈልገውም።

ክፍሉ ውስጥ እንደገባችሁ ሻንጣ ከመፍታታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። በረንዳ ላይ ከመከለያው አጠገብ ልጅ የሚወጣበት ወንበር ወይም ጠረጴዛ ካለ ወደ ውስጥ አስገቡ። ሙቅ ውኃውን ከፍታችሁ ሙቀቱን በክርናችሁ ለኩ፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ የልጅ ቆዳ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል፤ የማሞቂያው ልክ ከፍ ተደርጎ መገኘቱም የተለመደ ነው። መዋኛ ካለ አጥሩና በሩ ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ ተመልከቱ። በአየር የሚነፋ ክንድ ማሰሪያ መጫወቻ ነው፤ ሕይወት አድን ብላችሁ አትመኑት። ዋና የማይችል ልጅ ውኃ ውስጥ ሲሆን አዋቂው እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ርቀት ላይ መሆን አለበት፤ ሞግዚት ቢኖርም።

ፋርማሲ። አብዛኛው አገልግሎት ፈጣን ነው፤ ወረፋም የለም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ በተለያየ ጥንካሬ ይሸጣል። አንዱ ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ መልኩ ተመሳሳይ የሆነው ሌላው 250 ሚሊ ግራም። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 120 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ ከመጀመሪያው 5 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ከሁለተኛው ግን 2.4 ብቻ። «ሁልጊዜ አንድ ማንኪያ ነው የምሰጠው» የሚል ወላጅ ሳያውቀው እጥፍ ይሰጣል። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ነው፤ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በ4 ወይም በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። ከጠርሙሱ ጋር የመለኪያ መርፌ ካልመጣ ጠይቁ፤ የወጥ ቤት ማንኪያ እኩል አይደለም። ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን ሙቀቱ 38 ከደረሰ ግን ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው፤ ሽሮፕ ሰጥቶ መጠበቅ የለም።

ሆድ ማስቀመጥ የዕረፍቱ ትልቁ አበላሽ ነው። ኦአርኤስ፣ በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካውን ዱቄት፣ ከመግዛታችሁ በፊት ፓኬቱ ለስንት ውኃ እንደሆነ አንብቡ። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀ አለ፣ ለ200 ሚሊ ሊትርም አለ። የሊትሩን በአንድ ብርጭቆ መበጥበጥ ጨዉን ስለሚያበዛ ልጁን ይጎዳል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ለበለጠው ከ100 እስከ 200 ነው። ካስታወከ 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ ከሌለው፣ ሽንቱ ከጠፋ ወይም መጠጣት ካቃተው ቤት አትቆዩ። የዓለም ጤና ድርጅት ዚንክም ያክላል፤ ለብዙ ዓመታት ሲመክረው የቆየው መጠን ከስድስት ወር በታች በቀን 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ብዙ ፋርማሲ ካልጠየቃችሁት አያነሣውም። የሚጠጣ ውኃ ስታፈሉ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ ግን ሦስት ደቂቃ፣ ምክንያቱም ውኃው እዚያ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል።

የጉብኝት ፓኬጆችን በተመለከተ «ለቤተሰብ የሚሆን» የሚለውን ቃል አትመኑ። መኪና ውስጥ ስንት ሰዓት ነው? መጸዳጃ ስንት ቦታ አለ? ሕፃን የሚተኛበት ጥላ አለ? እነዚህን ሦስቱን የመለሰ አስጎብኚ ልጅ ይዞ ያውቃል። የሰዓት ልዩነቱ ለአንድ ሰዓት አንድ ቀን ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ባዶ ተዉአቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ነቅቶ የሚጫወት ልጅ የሚስተካከለው በጠዋት ብርሃን ነው፤ በቁጣ አይደለም። ከዚያ በኋላም በቀን አንድ ጉዳይ ይበቃል። ልጆቹ ደስ ብሏቸው የዋሉበት ቀን ብዙ ጊዜ ፕሮግራም ያልነበረበት፣ ከአያት ግቢ ያልተወጣበት ነው። የተከፈለበት ሽርሽር ሁለተኛ ሲወጣ ያስቆጫል፤ ግን ነገሩ እንዲያ ነው።

የመልሱን በረራ ከመነሣታችሁ ሦስት ቀን በፊት እንደገና ደውላችሁ አረጋግጡ። የአውሮፕላኑ ዓይነት ተቀይሮ ከሆነ የያዛችሁት ረድፍና የሕፃኑ አልጋ አብረው ይጠፋሉ። ልጃችሁ በእረፍቱ መሐል ሁለት ዓመት የሞላው ከሆነ ደግሞ ሲመጣ በጭን የመጣው ሲመለስ የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። ይህን ቲኬቱ ሲቆረጥ ያላነሣ ወኪል አጋጥሞናል። ቼክ-ኢን ላይ ሲታወቅ ወንበር ላይኖር ይችላል፤ ቢኖርም ከእናንተ ሦስት ረድፍ ርቆ ነው።