ጎንደር ፒያሳ ያለው የቤተሰብ ምክር አገልግሎት (ልጅ ይዛችሁ ለመሄድ ለምታስቡ)

የሄድነው በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። 9 አመቱ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሆዴን እያለ ትምህርት ቤት መሄድ አቃተው፣ ሰገራ ተመረመረ፣ ለጨጓራ ባክቴሪያም ታየ፣ ጠበልም ተጠመቀ፣ ምንም የለም። መጨረሻ ላይ ያየው ዶክተር ነው ቤት ውስጥ ሰላም ናችሁ ወይ ብሎ ወደዚህ የላከን። ሰላም አልነበረም። እህቴና ባሏ መጨቃጨቅ ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ሽማግሌም ገብቶ ለልጆቻችሁ ስትሉ ታረቁ ተብሎ ነበር፣ ግን ልጆቹን አንድም ሰው አልጠየቃቸውም። (ይሄን የምፅፈው እህቴ ፃፊው ስላለችኝ ነው።)

እዚህ ቤት በጣም የወደድኩት መጀመሪያ ልጁን ማናገራቸውን ነው። አማካሪዋ ምንጣፉ ላይ አብራው ቁጭ ብላ ስለ ኳስ ምናምን ስታወራው ቆይታ፣ ማታ እነ እማዬ ሲጣሉ አንተ ምን ታደርጋለህ አለችው፣ «ሚጡ እንዳትሰማ የቲቪውን ድምፅ እጨምረዋለሁ» አላት። ሚጡ ታናሽ እህቱ ናት። እህቴ አጠገቤ ነበረች፣ እንባዋን መያዝ አልቻለችም።

ከዛ በኋላ ስራው ከወላጆቹ ጋር ሆነ፣ ልክም ነው፣ ልጁማ ምን አጠፋ። የ6 ወር ህፃን እንኳን ፀብ ሲሰማ ሰውነቱ እንደሚረበሽ ነገረቻቸው፣ ስለዚህ ትንሽ ናት ምን ይገባታል የሚባለው አይሰራም። ብዙ ልጅ ደሞ የሚጣሉት በኔ ነው ብሎ ያስባል። ኩርፊያውም ከጩኸቱ አይሻልም፣ እነሱ ቤት ሁለቱም አንድ ሳሎን ተቀምጠው «አባትህን ራት ቀርቧል በለው» ይባል ነበር፣ መጀመሪያ ያስቆመቻቸው ይሄንን ነው። ተፋቱም አብራችሁ ኑሩም አላለችም፣ ልጆቹ ፊት ከተጣላችሁ ስትታረቁም ልጆቹ ይዩ ነው ያለችው፣ መኝታ ቤት ገብቶ መታረቅ ለነሱ ምንም አይነግራቸውም። ባልየው መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፣ አማካሪዋ ራሷ ደውላ አግባብታ አመጣችው፣ ለዚህ ብቻ አመሰግናታለሁ። የልጁ ሆድ ህመም ጭራሽ አልጠፋም ግን ክፍል መቅረት አቁሟል።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። ክፍሎቹ የተከፈሉት በቺፑድ ስለሆነ ጎን ያለው ሰው ድምፅ ይሰማል፣ ለዚህ አይነት ስራ ይሄ በጭራሽ መሆን የለበትም። መጠበቂያው ደሞ በመስታወት ወደ መንገድ ነው የሚታየው፣ ጎንደር ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፣ መጋረጃ ስንት ብር ነው? ቅዳሜ ዝግ ስለሆነም ልጅ ከትምህርት ይቀራል፣ እባካችሁ ይሄን አስቡበት።

ዋጋው ላብራቶሪ ካወጣነው ያንሳል። ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ ልጁ ራሱን ስለመጉዳት የሚያወራ ከሆነ ግን ቀጠሮ ምናምን አትጠብቁ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ክፍል አለ፣ ቀጥታ እዛ ውሰዱት።