ተሞልቶ የሚመለስ ፎርም ለሠራችልን የደሴዋ ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ኅትመት ቤት ላላት እህታችን፦ አላህም እግዜርም ይስጥሽ፣ እጅሽ ይባረክ። የቁጠባና ብድር ማኅበራችንን የአባልነት ቅጽ በኮምፒውተርም በስልክም ተሞልቶ፣ ሴቭ ሆኖ፣ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል የሚመለስ አድርጋ ሠርታልናለች። ስሟንና ስልኳን አደባባይ ላይ አንለጥፍም፤ እሷም አትወድም። ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንሰጣለን። እዚህ የምንጽፈው ሥራዋ በምን እንደሚመሰገን ነው፤ ሌላ ዘንድ የምታሠሩም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ከዚሁ ታገኛላችሁ።

ፊላብል ፒዲኤፍ (ሳጥኖቹ ላይ በቀጥታ የሚጻፍበት የፒዲኤፍ ፎርም) እንሠራለን የሚል ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም ሞልቷል። ሲከፈት ያምራል፣ ሳጥኖቹ ሰማያዊ ብለው ይታያሉ፣ ገንዘቡ ይከፈላል። ጉዱ የሚወጣው ፎርሙ ሲመለስ ነው። አንዱ ባዶውን ይመጣል፣ የሌላው አማርኛ ተራ አራት ማዕዘን ሆኖ ይመጣል፣ ሌላው ደግሞ ሙሉ ይመስልና መረጃውን ከውስጡ ማውጣት አይቻልም። እህታችን ሥራዋን የምትለካው በሚመለሰው ፋይል ነው፤ ከሌላው የሚለያትም ይሄ ነው።

ሥራ ይዛችሁ ስትሄዱ ቅጹን ከማየቷ በፊት ትጠይቃለች፦ ማን ነው የሚሞላው? በስልክ ነው በኮምፒውተር? ሲመለስ ወደ ኤክሴል ይገባል ወይስ ታትሞ ፋይል ይደረጋል? ኔትወርክ ሁልጊዜ ያለው ሰው ብቻ የሚሞላው ከሆነ ጎግል ፎርም ይበቃችኋል ብላ በነፃ ትሸኛችኋለች። ፒዲኤፉ የሚያስፈልገው አምባሰል ወይም ደላንታ ገጠር ላይ ሆኖ ያለ ኔትወርክ ሞልቶ፣ ከተማ ሲወጣ ለሚልክ ሰው ነው። ፊርማና ማህተም ያረፈበት ወረቀት መዝገብ ቤት መቀመጥ ካለበትም እንደዚሁ።

ስካን የተደረገ ወረቀት ላይ ሳጥን አትለጥፍም። ስካን ፎቶ ነው፤ መስመሩ ትንሽ ከተንጋደደ አክሮባት (የአዶቤ የፒዲኤፍ መሥሪያ ፕሮግራም) ሳጥኖቹን በራሱ ሲያስቀምጥ አንዱን ከመስመሩ በላይ፣ ሌላውን በጽሑፉ ላይ ይጥለዋል፣ ፋይሉም ይከብዳል። ስለዚህ ቅጹን በዎርድ እንደ አዲስ ትጽፈዋለች፤ ነጠብጣብና የሰረዝ መስመር (ሰው ሲጽፍበት እየተገፋ የሚሸሸውን) አውጥታ በሠንጠረዥ ትተካዋለች፤ ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራ አክሮባት ውስጥ «ፕሪፔር ፎርም» በሚለው መሣሪያ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ታስቀምጣለች። ዎርድ ላይ «ዴቨሎፐር» በሚለው ትር የተሠሩ መሙያዎችን ፒዲኤፍ ብሎ ሴቭ ማድረግ ብቻውን እንደማይበቃ ልብ በሉ፤ ወደ ፒዲኤፍ ሲዞሩ ደርቀው ተራ ጽሑፍ ሆነው ይቀራሉ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ቀኑ። ከውጭ የተቀዳ ፎርም ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። የአክሮባት የቀን ፎርማት የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ተብሎ በቁጥር ሲሞላ ጥቅምት 30 ማለት 30/2 ነው፤ ፕሮግራሙ ይህን ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ያነብና «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነ ጭራሽ አይገባም። ክፋቱ ሌላው ቀን ከሞላ ጎደል ሁሉ ያለ ችግር መግባቱ ነው፤ ሠሪው በመስከረም ወይም በጥር ቀን ሞክሮ «ይሠራል» ይላል፣ ስህተቱ የሚገኘው ጥቅምት መጨረሻ የተወለደ ሰው ሲሞላ ነው። እሷ የቀን ፎርማቱን ትተወዋለች። ሦስት ሳጥን ታደርገዋለች፦ ቀን ከ1 እስከ 30 ከዝርዝር የሚመረጥ፣ ወር ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13ቱም በስማቸው፣ ዓመት አራት አሃዝ ብቻ የሚቀበል። አጠገቡ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላ ትጽፍበታለች፤ ይህች ቃል ከሌለች ግማሹ ሰው የፓስፖርቱን ቀን ይሞላላችኋል።

ስልክ ቁጥርም ወጥመድ አለው። ሳጥኑ «ነምበር» ተብሎ ከተሠራ ፕሮግራሙ እንደ ብር ይቆጥረውና የፊቱን ዜሮ ይበላዋል፤ 09 ብሎ የጀመረው በ9 ይጀምራል። ትክክሉ ፎርማቱን «ነን» (None፣ ምንም) ላይ ትቶ የፊደል ገደቡን 10 ማድረግ ነው። እያንዳንዱ አሃዝ የራሱ ቤት እንዲኖረው ከተፈለገ «ኮምብ» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱ የሚሠራው ግን «መልቲላይን»፣ «ስክሮል» እና የመሳሰሉት ሌሎች ምልክቶች ሁሉ ከተነሡ ብቻ ነው። ብዙዎች ኮምብ አልነካ አለኝ የሚሉት እነዚህን ሳያነሡ ነው። ለስም ግን ኮምብ አታሠሩ፤ ስልክ ላይ ለመሙላት ያስመርራል።

በስክሪፕት (ፎርሙ ውስጥ በሚጻፍ የፕሮግራም ትዕዛዝ) የሚሠራ ማጣሪያም አታበዛም። አክሮባት ላይ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት ብዙ የስልክ አፖች ላይ ዝም ይላል፤ የመዋጮ ድምር የሚደምረው ሳጥን ኮምፒውተር ላይ ደምሮ ስልክ ላይ ባዶ ይቀራል። የፊደል ገደብና ተቆልቋይ ዝርዝር ግን ያለ ስክሪፕት የሚሠሩ ስለሆኑ እነሱን ትመርጣለች።

ተቆልቋይ ዝርዝርን ለወረዳ ትጠቀምበታለች፣ ለዚህም ጥሩ ምክንያት አላት። ሰው በእጁ ከጻፈ አንዱ ሐይቅ፣ አንዱ ሃይቅ፣ አንዱ ሀይቅ ይላል፤ ወረባቦ ላይም ወረባቡ ይመጣል። ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኤክሴል ግን የተለያዩ ከተሞች ናቸው፤ ፊልተር ሲደረግ አባላት ይበታተናሉ። ተሁለደሬ፣ ኩታበር፣ ቃሉ፣ ለጋምቦ፣ ተንታ እያለች በአንድ አጻጻፍ ዘርዝራ አስቀምጣለች፣ መጨረሻ ላይ «ሌላ» የሚል ጨምራ። የሰው ስም ላይ ይህ አይቻልም። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ ሁሉም እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ማንም ሰው ስሙን ከዝርዝር ምረጥ አይባልም። ስለዚህ አባሉን የምንፈልገው በስሙ ሳይሆን በአባልነት ቁጥሩ እንዲሆን መክራ ለቁጥሩ ሳጥን ጨምራልናለች። ስሙንም ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላ በሦስት ከፍላዋለች፤ ከእንግሊዝኛ ቅጽ የተገለበጠው «የቤተሰብ ስም» የሚባለው ነገር እኛ አገር የማንም ስም አይደለም።

ስለ ፎንት። የአክሮባት ሳጥን ዝም ብሎ ሲሠራ የሚይዘው ፎንት ሄልቬቲካ ነው፤ እሱ ግዕዝ ፊደል የለውም። አንዳንዱ አፕ በሌላ ፎንት ተክቶ ያሳያል፣ አንዳንዱ ሳጥን ሳጥን ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ባዶ ያደርገዋል። እሷ እያንዳንዱን ሳጥን «አፒራንስ» በሚለው ውስጥ ገብታ አቢሲኒካ ወይም ኒያላ ታደርገዋለች፣ መጠኑንም 11 ላይ ትቆልፋለች፤ «አውቶ» ከተባለ ረጅም አድራሻ የጻፈ ሰው ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ሙሉውን መግባት አለበት። ቅጹ ላይ የታተሙት ፊደሎች ብቻ ከገቡ፣ የሚሞላው ሰው ቅጹ ላይ የሌለ ፊደል ሲጽፍ ቦታው ክፍት ይሆናል። ይህን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ፦ አዶቤ ሪደር (ነፃው የፒዲኤፍ ማንበቢያ) ላይ ኮንትሮል እና ዲ ተጫኑ፣ «ፎንትስ» የሚለውን ክፈቱ፤ ከሳጥኖቹ ፎንት ጎን «ኢምቤድድ ሰብሴት» (ከፊሉ ፊደል ብቻ ገብቷል ማለት ነው) የሚል ካያችሁ ጠይቁ። መሞከሪያዋ ደግሞ ቀላል ናት። አበበ በሶ በላ ብላ አትሞክርም፤ ቋንቋ፣ ጳጉሜን፣ ሟች፣ ጧት፣ ኰሶ ብላ ነው የምትጽፈው። እነዚህ ካለፉ ሌላው ያልፋል።

የድሮ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ላይ ያለ ጽሑፋችሁንም ወደ ዩኒኮድ (በየማሽኑ አንድ ሆኖ ወደሚነበበው የፊደል አመዘጋገብ) ሳትቀይር አትነካውም። የዩኒኮድ ያልሆነው አማርኛ ዓይን ላይ አማርኛ ነው፣ ውስጡ ግን የላቲን ምልክት ነው፤ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ወይም ወደ ኤክሴል ሲወጣ የማይነበብ ይሆናል።

ሁለት ሳጥን አንድ ስም ከተሰጣቸው አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይም ይታያል። ይህ ገጽ 2 ላይ የአባሉ ስም በራሱ እንዲሞላ ሲፈለግ ጥሩ ነው። የወራሾች ሠንጠረዥ ላይ ግን አንዱን ረድፍ ኮፒ ፔስት ያደረገ ሰው ሁሉንም ወራሽ አንድ ሰው ያደርገዋል። እሷ ለእያንዳንዱ ረድፍ ቁጥር ያለው ስም ትሰጣለች። ወንድና ሴት የሚሉት ክቦች ደግሞ በተቃራኒው አንድ ስም፣ የተለያየ ዋጋ (የምርጫ መለያ) ነው የሚሰጣቸው፤ ካልሆነ ሁለቱም አብረው ይመረጣሉ።

ሴቭ የማድረጉ ነገር ብዙ ሰው የሚጨቃጨቅበት ነው። ከአዶቤ ሪደር 11 (እ.ኤ.አ. 2012) ጀምሮ ተራ ፎርም ተሞልቶ በነፃ ሴቭ ይደረጋል። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ለምሳሌ ሪደር 9፣ መሙላት ይፈቅዱና ሴቭ ይከለክላሉ፤ ያላችሁ አማራጭ ማተም ብቻ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አሁንም እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን አለ። ለእነሱ አክሮባት ፕሮ ላይ «ሪደር ኤክስቴንድድ ፒዲኤፍ» ብላ የሴቭ ፈቃድ ትጨምርበታለች። ግን እወቁት፦ ፈቃድ የተጨመረበት ፋይል በሌላ ፕሮግራም ከተነካ ሪደር «ሰነዱ ተቀይሯል» ብሎ ፈቃዱን ይሰርዘዋል። ስለዚህ ይህን የምትሠራው አሮጌ ማሽን መኖሩን ስትነግሯት ብቻ ነው፤ ለስልክ የሚላከው ያለ ፈቃዱ ይሻላል።

ከፎርሙ ጋር አጭር መመሪያ በአማርኛ ትሰጣለች፣ እኛም ለአባላት አብረን እንልከዋለን። ቴሌግራም ላይ የመጣውን ፋይል በመጀመሪያ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ በአዶቤ ሪደር ክፈቱ፣ ሞልታችሁ ሴቭ አድርጉ፣ ከዚያ ሴቭ ያደረጋችሁትን ፋይል ፈልጋችሁ ላኩ። የመጣላችሁን መልእክት ፎርዋርድ ካደረጋችሁ ባዶው ነው የሚመለሰው! ባዶ ፎርም የሚያመጣው በአብዛኛው ይሄ ነው። ክሮም ላይ የሞላ ሰው ዳውንሎድ ሲል ከነለውጡ ወይስ ኦሪጅናሉን ተብሎ ይጠየቃል፤ ከነለውጡ የሚለውን ይምረጥ። «ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ግን አይደረግ። ሲያዩት ያው ነው፣ ሳጥኖቹ ግን ጠፍተው ጽሑፉ ገጹ ላይ ታትሟል፤ እንደገና በእጅ ወደ ኤክሴል መክተብ ሊኖርባችሁ ነው።

የተመለሱትን ፎርሞች አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጋችሁ አክሮባት ላይ «መርጅ ዳታ ፋይልስ ኢንቱ ስፕሬድሺት» በሚለው ወደ አንድ ሠንጠረዥ ማውጣት ይቻላል። የሚወጣውን የሲኤስቪ ፋይል (ተራ ጽሑፍ የሆነ ሠንጠረዥ) ደብል ክሊክ አድርጋችሁ አትክፈቱት፤ ኤክሴል የዩቲኤፍ 8 አማርኛን ሊያበላሸው፣ የስልኩንም ዜሮ ሊበላው ይችላል። «ዳታ» ከሚለው ትር «ፍሮም ቴክስት» ብላችሁ አስገቡ፣ 65001 (የዩቲኤፍ 8፣ ማለትም የዩኒኮድ ጽሑፍ፣ መለያ ቁጥር) የሚለውን ምረጡ፣ የስልኩን ዓምድ «ቴክስት» አድርጉ።

ፊርማና ማህተም ላይ ዲጂታል ሳጥን አላስገባችም፣ እኛም ተስማምተናል። ታትሞ በእስክሪብቶ ይፈረማል፤ ክብ ማህተሙ ጽሑፍ ሳይነካ እንዲያርፍ አራት ሴንቲሜትር በአራት ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ትታለታለች።

ጉድለቷንም እንናገር። ለነገ ይድረስልኝ ለሚል አትሆንም፤ ሁለት ስልክና ሁለት ኮምፒውተር ላይ ሳትሞክር አታስረክብም። ዋጋዋ በገጽ ሳይሆን በሳጥን ብዛት ስለሆነ ወራሽ፣ ዋስ፣ ቤተሰብ እያለ የሚዘረዝር ቅጽ ውድ ይመጣል፤ የማያስፈልገውን ረድፍ ቆርጣችሁ ሂዱ። ዓርብ ከጁምዓ በፊት አትሂዱ፣ ዝግ ነው።

ስትረከቡ ፈቃድ ያልተጨመረበትን ዋናውን ፒዲኤፍ፣ የዎርዱን ፋይልና የሳጥኖቹን ስም ዝርዝር በፍላሽ ተቀበሉ። እሷ ሳትጠየቅ ትሰጣለች፤ ሌላ ዘንድ ካሠራችሁ ግን ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ አንድ ወረዳ ለመጨመር እንኳ ያለ ዋናው ፋይል ከሀ መጀመር ይሆናል።