ወንድሜን ያስገባንበት የሱስ ማገገሚያ፦ ደስ ያለኝና ያናደደኝ

ስሙን አልጠራም። አዲስ አበባ ዳር ላይ ያለ የግል የሱስ ማገገሚያ ነው። ቦታ እየፈለጋችሁ ያላችሁ ቤተሰቦች ግን ስሙ ባይጠቅማችሁም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ማወቁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ወንድሜ ጫት ይቅማል፣ ማታ ደግሞ ጨብሲ አለ። ብዙ ቤት ያለ ነገር ነው። ቀን ምርቃና፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ቢራ፣ ቢራው ሳይበቃ ሲቀር አረቄ፣ ጠዋት ድብርት፣ ድብርቱን ለማባረር እንደገና ጫት። ኋላ ላይ ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻም ተጨመረበት። ቤት ውስጥ ግን ጭቅጭቁ ሁሌ በጫቱ ነበር፤ ጉንጭ ስለሚታይ መሰለኝ። መጠጡን "እሱማ ማን የማይጠጣ አለ" ብለን አልፈነዋል።

እዚያ ስንሄድ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ መጠጡ ነበር። ነርሷ "መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው?" አለችው። "ትናንት።" "ትናንት ስንት ሰዓት?" ዝም። እንደገና ጠየቀችው። ከዚያ ሁለት እጁን ወደፊት አስዘርግታ ጣቶቹን አስከፈተችና መንቀጥቀጡን ዝም ብላ አየች። ግፊቱን ለካች። ሰዓቱን እስኪነግራት ድረስ ወደ ሌላ ጥያቄ አላለፈችም።

ምክንያቱን ሐኪሙ ነገረን። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ካልታከመ ሊሞትም ይችላል። ለዚህ ነው ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ሰጥተው መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱ የሚያወርዱት፣ ቫይታሚን ቢ 1ም አብረው ይሰጣሉ። ትራማዶልም ሲበዛ ራሱ ያንፈራግጣል። ጫት ሲቆም ግን ሌላ ነው፤ ሐራራ አለ፣ ድካምና ድብርት አለ፣ ሌሊት ዱካክ አለ፣ ከባድ ነው፣ ግን እንደ መጠጡ በሁለት ቀን ውስጥ ነፍስ አያስፈራም። ለጫት ሱስ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒትም የለም፤ ሥራው በምክር ነው። "ቤት ቆልፈን እናስቆመዋለን" የምትሉ ሰዎች እባካችሁ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ።

ፍተሻቸውም ቀልድ የለውም። ሽቶውን ወሰዱ፣ የአፍ መጉመጥመጫውንም ወሰዱ፣ አልኮል አለበት ብለው። የካልሲዎቹን እጥፋት ፈቱ። ስልኩን ተቀበሉት። ወንድሜ ጨሰ፣ እኔ ግን አንጀቴ ራሰ።

ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ለአራት ነው የሚያድሩት። ምግቡ ሽሮ ይበዛበታል። ሙቅ ውሃ አንዳንዴ። ፌስቡክ ላይ የለጠፉት አበባ እውነት ግቢው ውስጥ አለ።

ለእኔ የከፈልነው ገንዘብ አይቆጭም ያሰኘኝ ነገር የቅዳሜው የቤተሰብ ፕሮግራም ነው። እናታችን እስከዚያ ቀን ድረስ "ባለጌ ጓደኛ ነው ያበላሸው" ብቻ ነበር የምትለው። አማካሪው ሰው ሱሰኛ የሚባለው በምን እንደሆነ አስረዳን፤ 11 ምልክቶች አሉ፣ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስቱ ከታዩ ቀላል ነው፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከባድ ነው አለን። ከምልክቶቹ ውስጥ ለማቆም ሞክሮ ማቃት አለበት፣ ካሰቡት በላይ መውሰድ አለበት፣ እየጎዳ መሆኑን እያወቁ መቀጠል አለበት። እናቴ ማቃቱን ስትሰማ ቀና አለች። በሦስት ፆም አቆማለሁ ብሎ ምሎ ሦስቱንም እንዳፈረሰ የምታውቀው እሷ ናት።

ከዚያ አማካሪው "እማማ፣ የጫቱን ገንዘብ ማን ነው የሚሰጠው?" አላት። ቤቱ ፀጥ አለ። "ሌባ እንዳይሆንብኝ ብዬ ነዋ ልጄ" አለች። አልተቆጣትም። "እርስዎ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ፈርተው ነው። አሁን ግን ሲሰጡትም ሲከለክሉትም ምን እንደሚሉት እንለማመድ" ብሎ እሱ ልጇን ሆኖ ገንዘብ ይለምናት ጀመር። መጀመሪያ ሳቀች፣ ትንሽ ቆይታ አለቀሰች፣ በኋላ ግን "ታክሲህን ራሴ እከፍላለሁ፣ በእጅህ አልሰጥም" የሚለውን ደረቅ ብላ ተናገረችው። እስከ ዛሬ በዚያ ቃል ነው የምትሠራው።

አክስታችን ፀበል ካልወሰድነው ብላ ነበር። እዚያ ማንም አልተከራከራትም፤ "ፀበሉንም ይሂድ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ" ነው ያሏት። አንዳንድ ቦታ ሁለቱን ጠላት አድርገው ሕመምተኛውን መሃል ላይ ሲጎትቱት ስላየሁ ይሄ መልስ በጣም ደስ አለኝ።

አሁን ወደሚያናድደው። በስልክ የነገሩን ዋጋ የአልጋና የምግብ ብቻ ነበር። ላብራቶሪው ለብቻ፣ መድኃኒቱ ለብቻ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ በመጣ ቁጥር ለብቻ። ይሄን ያወቅነው ሒሳቡ ሲመጣ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ዝርዝሩን በወረቀት አስጽፉ፣ ማኅተም ይኑረው።

ትልቁ ጉድለት ግን የመውጫው ቀን ነው። ፎቶ ተነሱ፣ ተጨበጨበ፣ ቦርሳውን ሰጡት፣ ደህና ሁን። ቀጠሮ የለም፣ ሐራራው ሲመጣ የሚደውልበት ሰው የለም። ሱስ መመለሱ እኮ ብርቅ አይደለም፤ ከታከሙት ውስጥ ከ40 እስከ 60 በመቶው እንደሚመለስበት ነው የሚነገረው፣ ከደም ግፊትና ከአስም ማገርሸት ጋር ተቀራራቢ ነው። ይሄን ራሳቸው ናቸው በስላይድ ያሳዩን! ወንድሜ ከወጣ በኋላ አንድ ምሽት ሰፈር በርጫ ላይ ተቀምጦ ሲገኝ ደወልን፣ አላነሱም። በማግሥቱም አላነሱም። በሳምንቱ ያነሳው ሰው "እንደገና ማስገባት ትችላላችሁ" ብሎ ዋጋ ነገረን።

አላስገባነውም። አሁን ክትትሉን በመንግሥት ሆስፒታል ነው የሚያደርገው። አማኑኤልም ጳውሎስም የሱስ ሕክምና እንዳላቸው ብዙ ሰው አያውቅም፣ ክፍያውም ከግሉ ጋር አይወዳደርም። ተመላላሽ ሆኖ መታከም ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ተኝቶ መታከም የሚያስፈልገው በተለይ እንደ ወንድሜ መጠጡ ከባድ ለሆነበት፣ ራሱን ሊጎዳ ለሚችል ወይም ቤቱ ራሱ መቃሚያ ለሆነበት ነው። ቀጠሮው ቀን አብሬው እሄዳለሁ፣ ወረፋ አለ፣ ውሃና ትዕግሥት ይዛችሁ ሂዱ።

ለሕክምናው አራት ኮከብ፣ ለሒሳብ አያያዙ ሁለት፣ ከወጣ በኋላ ላለው ዜሮ። እህቷን ልታስገባ ፈልጋ ለጠየቀችኝ ልጅ ደግሞ፦ ደውዬ ጠይቄልሻለሁ፣ የሴቶች ክፍል የላቸውም፣ መቼ እንደሚከፍቱም አልነገሩኝም። እስከዚያው በተመላላሽ ጀምሩ።