ተንደርበርድ፦ ሴቲንጉን ከባለቤቱ የማይደብቅ የኢሜይል ፕሮግራም

ሥራዬ ዳታቤዝ መሥራት ነው። የምኖረው ደሴ ነው፣ ደንበኞቼ ግን አብዛኞቹ ኮምቦልቻ ናቸው። የእህል መጋዘን አለ፣ የመድኃኒት አከፋፋይ አለ፣ የጨርቅ ሱቅ አለ። ሁሉም አክሰስ በሚባለው የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ የተሠራ የሽያጭ መዝገብ ይፈልጋሉ። ትንሽ ከለመዱት በኋላ ደግሞ «ደረሰኙ ከዚሁ በኢሜይል ቢሄድልን» ይላሉ። ሥራው የሚከብደው ያኔ ነው። ዳታቤዙ ኢሜይል እንዲልክ የሰርቨሩን (ኢሜይሉን የሚያስተላልፈውን ኮምፒውተር) ስም፣ የፖርቱን (የመግቢያ በሩን) ቁጥርና የጥበቃውን ዓይነት ማወቅ አለበት። ይህን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥ አይገኝም። የሚያውቀው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለው የኢሜይል ፕሮግራም ብቻ ነው።

ተንደርበርድን የማየውም በዚህ በኩል ነው። ስለ መልኩና ስለ ቀለሙ ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ የምጠይቀው የሚያውቀውን ለዳታቤዜ ይነግረዋል ወይ ብዬ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ማሾ ወደ ውጭ የሚልኩ አንድ ነጋዴ ቢሮ ተጠራሁ። ሰባት ኮምፒውተር አላቸው። ኢሜይላቸውን የሚያስተናግድላቸው ድርጅት የሰርቨሩን ስም ቀይሮ ኖሯል። አሮጌው በአምስት ቀን ውስጥ ይዘጋል የሚል መልእክትም ልኮ ነበር። መልእክቱ የደረሰው ግን ከሥራ ከለቀቀ አንድ ልጅ አድራሻ ላይ ነው። ማንም ሳያየው አሮጌው ተዘጋ። ሦስቱ ማሽኖች መላክ አቆሙ፣ ሁለቱ ይልካሉ ግን አይቀበሉም። የትኛው ላይ ምን ተሞልቶ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ወረቀት የለም። ገዢው የጭነት ሰነድ እየጠበቀ ነው። ሀጂ፣ የቢሮው ባለቤት፣ በሩ ላይ ቆመው «አብሽሪ ልጄ፣ ተረጋግተሽ ሥሪው» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ያለው ጭንቀት ግን ይሰማ ነበር።

ከሰባቱ አራቱ ላይ ተንደርበርድ ነበር፣ ሦስቱ ላይ የማይክሮሶፍቱ የኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክ። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት አጋጣሚ አገኘሁ።

ነባሩ (ክላሲክ) አውትሉክ ሴቲንጉን የሚያስቀምጠው ዊንዶውስ ሬጂስትሪ ውስጥ ነው፣ ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን ሴቲንግ በሚያከማችበት መዝገብ ማለት ነው። ከአውትሉክ 2013 ወዲህ ያለው እትም «ፕሮፋይልስ» በሚለው ሥር፣ በ9375 የሚጀምር ረጅም ስም ባለው ቁልፍ ውስጥ ያኖረዋል። የሰርቨሩ ስም አንዳንድ ጊዜ ባይነሪ፣ ማለትም በፊደል ሳይሆን በቁጥር ኮድ የተጻፈ ሆኖ ይገኛል። አንብቦ ወደ ፊደል መመለስ ይቻላል፣ እኔም መልሼዋለሁ። ግን የእያንዳንዱን እትም መንገድ ማወቅ ይጠይቃል። በአክሰስ ኮድ በቀጥታ አውትሉክን መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል። ከአውትሉክ 2007 ጀምሮ የአካውንቶቹን ዝርዝር በኮድ ማግኘት ይቻላል። እዚያ «ኤስኤምቲፒ አድሬስ» የሚል አለ፤ ኤስኤምቲፒ የኢሜይል መላኪያ ሥርዓት ነው። ስሙ ሰርቨር ይመስላል። የሚሰጠው ግን የሰውዬውን የኢሜይል አድራሻ ነው እንጂ የሰርቨሩን ስም አይደለም። ጀማሪ እዚህ ላይ ቢሰናከል አይፈረድበትም።

ወደ ተንደርበርድ ስመጣ ልቤ አረፈ። ሴቲንጉ በሙሉ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው፤ ስሙ ፕሬፍስ ዶት ጄኤስ (prefs.js) ይባላል። ከእርዳታ ሜኑው የችግር መፍቻ መረጃውን ትከፍታላችሁ፣ እዚያ ፎልደሩን የሚከፍት ቁልፍ አለ። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ ማንበብ ነው። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ሴቲንግ ስምና ዋጋ ይዟል። ሂሳብ ክፍል የምትሠራዋ ልጅ ከጀርባዬ ቆማ ስታይ ነበር። የድርጅታቸውን አሮጌ ሰርቨር ስም መስመሩ ላይ ስታገኘው «ይኸው! እዚህ ነበር እንዴ?» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ማሽን ስትልክ አይታው አታውቅም።

ፋይሉን ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የተዘበራረቀ ዝርዝር ነው የሚታየው። የዳታቤዝ ሰው ግን ቴብሎችን (በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ሠንጠረዦችን) ያያል። አካውንት አንድ ይላል፣ ቀጥሎ የዚህ አካውንት ሰርቨር ሰርቨር አንድ ነው ይላል፣ ማንነቱ ደግሞ አይዲ አንድ ነው ይላል። ወደ አይዲ አንድ ስትሄዱ የሰውዬውን ስምና ኢሜይል ታገኛላችሁ፣ ከዚያ የመላኪያ ሰርቨሩ ኤስኤምቲፒ አንድ ነው ይላችኋል። ወደ ኤስኤምቲፒ አንድ ስትሄዱ የሰርቨሩ ስም፣ ፖርቱ፣ የጥበቃው ቁጥር አለ። ይህ ማለት አራት ቴብል ነው፣ በቁልፍ የተያያዘ። እኔ አክሰስ ላይ እንደዚያው አራት ቴብል ሠራሁና መስመሮቹን አንድ በአንድ እያነበበ የሚያስገባ ኮድ ጻፍኩ። ከስልሳ መስመር አይበልጥም። ከዚያ አንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) አራቱን ያገናኛቸዋል፣ ለእያንዳንዱ ሰው የመላኪያና የመቀበያ ሰርቨሩን በአንድ ረድፍ ያወጣል።

ሁለት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። ሌላው ሰው እንዳይቆም እነግራለሁ።

አንደኛው የአማርኛ ስም ነው። የሀጂ ስም በአማርኛ ነበር የተሞላው። ቴብሉ ላይ ግን የማይነበብ ምልክት ሆኖ ገባ። ፋይሉ የተጻፈው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ኮድ ነው፣ በአክሰስ የተለመደው የፋይል መክፈቻ ትእዛዝ ደግሞ ያንን አያውቅም። ፋይሉን ኤዲኦ ስትሪም በሚባለው ሌላ የፋይል ማንበቢያ ከፍቼ ፊደሉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ስነግረው ስማቸው ቁልጭ ብሎ መጣ። ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስማችን የሚበላሽበት መዝገብ መዝገብ አይደለም።

ሁለተኛው ባዶ ፖርት ነው። የአንድ ማሽን የመቀበያ ፖርት ምንም ሳይዝ መጣ። ኮዴ የተሳሳተ መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ፈለግኩ። ለካ ፋይሉ የሚጽፈው ከተለመደው የተለየውን ብቻ ነው። ቁጥሩ ካልተጻፈ የተለመደው ነው ማለት ነው። መቀበያው አይማፕ በሚባለው የኢሜይል መቀበያ ሥርዓት ከሆነ ሙሉ ጥበቃ ላለው 993፣ ለሌላው 143። የጥበቃው ቁጥር 3 ከሆነ ሙሉ ኤስኤስኤል (ከመጀመሪያው የተመሰጠረ ግንኙነት) ነው፣ 2 ከሆነ ስታርት ቲኤልኤስ (ግንኙነቱ ከተጀመረ በኋላ የሚመሰጠር) ነው፣ 0 ከሆነ ጥበቃ የለም። አንዱ ማሽን ላይ 0 አገኘሁ። የድርጅቱ ፓስዎርድ ያለ ምንም መሸፈኛ ሲመላለስ ነበር ማለት ነው። ይህን ያወቅነው ቴብሉ ላይ ጎን ለጎን ስላየነው ነው። ያኔውኑ አስተካከልኩት።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ፋይሉን አንብቡት፣ አትጻፉበት። ተንደርበርድ ክፍት እያለ የምትጽፉትን ሲዘጋ ይደመስሰዋል። ይህንን ፋይሉ ራሱ ከላይ ይናገራል። አዲሱን የሰርቨር ስም እኔም በፋይሉ ሳይሆን በሴቲንግ መስኮቱ ነው የሞላሁት።

ፓስዎርዱ እዚህ ፋይል ውስጥ የለም፣ ይህም ደግ ነው። ለብቻው ተመስጥሮ ይቀመጣል። ነገር ግን ዋና ፓስዎርድ የሚባለውን ካላበራችሁ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው የተቀመጡ ፓስዎርዶችን ከሴቲንግ ገብቶ ሊያይ የሚችልበት ጊዜ አለ። አምስት ሰው በሚፈራረቅበት ቢሮ ይህ አደጋ ነው። ከፕሮግራሙ የማልወደው ይህን ነው። ሲጫን ጀምሮ ዋና ፓስዎርዱን ቢጠይቅ ምን አለበት? እኔ የምጭንበት ቢሮ ሁሉ ሳላበራው አልወጣም።

ፓስዎርድ ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ አልወድም። ለዚህም ተንደርበርድ መላ አለው። ከአክሰስ በአንድ ትእዛዝ ትጠሩታላችሁ፣ ተቀባዩን፣ ርእሱንና የሚያያዘውን ፋይል ትሰጡታላችሁ። የመጻፊያው መስኮት ተሞልቶ ይከፈታል። ሠራተኛው አይቶ ላክ የሚለውን ይጫናል። ያለ ሰው እጅ ራሱ እንዲልክ የሚፈልግ ግን የወጣውን የሰርቨር ስም ለሲዲኦ፣ ከዊንዶውስ ጋር ለሚመጣው የኢሜይል መላኪያ መሣሪያ፣ መስጠት አለበት። ሲዲኦ ደግሞ ስታርት ቲኤልኤስን ስለማይችል፣ በእሱ የሚሠራውን ፖርት 587ን ትታችሁ ሙሉ ኤስኤስኤል ያለው ፖርት 465 መኖሩን አረጋግጡ።

ተንደርበርድ በነፃ ነው። እኔ በፍላሽ ይዤው ነው የምዞረው፣ ኔትወርክ ስለማይታመን። ለአንድ ሰው የግል ኢሜይል ከሆነ ስልክ ይበቃል። ከአንድ በላይ ማሽን ላለው፣ ዳታቤዝ ለሚጠቀም ቢሮ ግን ሌላ አልመርጥም።

የዚያን ቀን አቦሉ ሳይቀዳ የአራቱ ማሽኖች ዝርዝር ወጥቶ ነበር። ሦስቱ አውትሉኮች እስከ ማታ ወሰዱብኝ። የጭነት ሰነዱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሂሳቧ ልጅ ማሽን ሄደ። ሀጂ በወረቀት ስጪኝ አሉ። ሰባት ረድፍ ያለው አንድ ገጽ አተምኩላቸው። ከንግድ ፈቃዳቸው ጋር አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። አሁን ዳታቤዙ ጠዋት ሲከፈት ፋይሉን እንደገና ያነባል፣ ከትናንቱ የተለየ ነገር ካገኘ ረድፉን ቀይ ያደርገዋል።