ከሻንጣ የሚወጣ ታንኳ

የአጎቴ ልጅ ከውጭ ያመጣልኝን በአየር የሚሞላ የሁለት ሰው ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ታንኳ) ይዤ ከባህር ዳር ወተት አባይ ድረስ ሄድኩ። ግልገል አባይ ላይ ልሞክረው ነው። ባጭሩ፦ ውሃ ላይ ጎበዝ ነው፣ ዳር ላይ ግን ያስቸግራል።

ሻንጣው ከባድ ነው። የሚኒባሱ ረዳት "ይኼ ሰው ነው" ብሎ የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምሮ ተቀበለኝ። ምን ይደረግ፣ ከፈልኩ።

አብሮት የሚመጣው የእግር ፓምፕ ጥሩ ነው። ፀሐይ ላይ ድርቅ ብሎ የተነፋ ካያክ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ ውስጡ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ነው። ውሃው ላይ ጥቂት አንሳፍፋችሁ ጨምሩበት። ስትወጡ ደግሞ ፀሐይ ላይ ጥላችሁት ምሳ አትሂዱ፤ አየሩ ሲሰፋ መጋጠሚያውን ሊያስለቅቀው ይችላል።

ከሥሩ የሚሰካ ክንፍ አለው። ጣና ላይ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ይረዳል። ኅዳር ላይ፣ ወንዙ ጎደል ሲል፣ ጠጠሩን እየጫረ ድንጋይ ላይ ይያዝና ካያኩን በጎን ያዞረዋል። ነቅዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ያለ እሱ አፍንጫው ወዲህ ወዲያ ይላል፤ በድንጋዮች መሃል ግን ቶሎ መዞሩ ይጠቅማል።

ለመነሻ የመረጥኩት ቦታ የዋህ ነው። አረፋ የሚያወጣ ወራጅ ውሃ በ6 ደረጃ ይመደባል፤ ይኼኛው ከአንደኛው ብዙም አያልፍም። ያም ሆኖ አገባቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ከትልቅ ድንጋይ ኋላ ውሃው ያርፋል፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ላይ ይመለሳል። ካያኩን እዚያ አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ውሃው ወደሚመጣበት አዙራችሁ፣ መሃሉ ላይ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ወራጁ ውስጥ ስትገቡ ውሃው ወደሚሄድበት አዘንብሉ። ሰው ሲደነግጥ በተቃራኒው ነው የሚያጋድል፤ ያኔ ውሃው ጠርዙ ላይ ይወጣና ይገለብጠዋል። ከወደቃችሁ ወራጁ መሃል ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር ድንጋይ ሥር ይቀረቀራል።

ከብት የሚያጠጡ አንድ አባት ቆመው ያዩኝ ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር ቢበሳስ?"

"ሦስት ቦታ ተከፍሎ ነው የሚነፋው አባቴ። አንዱ ቢተነፍስ ሁለቱ ያወጡኛል።"

"ደንገል አይተነፍስም" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ከደንገል፣ ማለትም ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል፣ የሚሠራው የጣና ታንኳ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል እንጂ አይበሳም። ግን አቁሞ ማድረቅ ይፈልጋል፣ ዕድሜውም አጭር ነው፣ ሚኒባስ ላይም አይጫን።

ተንሳፋፊ ጃኬት አብሮ አይመጣም፣ ለብቻ ግዙ። አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ እዚያ አትሞክሩት። ከካያኩ ጋር የሚመጣውን ማስቲሽ ደግሞ እንዳትጥሉት። አንድ ጎሚስታ በጎማ ማስቲሽ ለጥፎልኝ በማግስቱ ተላጠ፤ ካያኩ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ፒቪሲ፣ የራሱን ማጣበቂያ ነው የሚፈልገው።