ባለ ቀዳዳው የብረት ሰሌዳ፦ ከ14 ወራት አገልግሎት በኋላ

በሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ከመኖሪያ ቤቴ ጀርባ 3 ሜትር በ4 ሜትር በሆነች ክፍል ውስጥ ከመደበኛ ሥራዬ በሚተርፈኝ ሰዓት የእንጨት ሥራ እሠራለሁ። ለዚህች ክፍል ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ብዙ ጊዜ ያተረፈልኝ አንድም ነገር የማይቆርጥ፣ የማይልግና የማይበሳ ዕቃ ነው፤ እሱም በግንባታ ዕቃ መደብሮች የሚገኘው፣ መሣሪያ የሚሰቀልበት ባለ ቀዳዳ የብረት ሰሌዳ ነው።

ለመግዛት ያነሳሳኝ አንድ መሮ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ መሮዬ የወንበር እግር መጋጠሚያ ስቆፍር ከጠረጴዛው ወድቆ ሰጋቱራ ውስጥ ሰምጦ ኖሯል፤ እኔም ሳላውቅ ሰጋቱራውን በማዳበሪያ ጆንያ ሞልቼ ዶሮ ለሚያረቡት ጎረቤታችን ሰጠኋቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግቢዬን የረገጠውን ሰው ሁሉ በልቤ ስጠረጥር ከረምኩ። አንድ ቀን ማለዳ ልጃቸው ጫፉ የዛገውን መሮ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣና «ጋሼ፣ እማዬ ከዶሮዎቹ ጉዝጓዝ ውስጥ አግኝታው ነው፤ ስጠው ብላኝ ነው» አለኝ። ያን ቀን በጥርጣሬዬ ክፉኛ አፈርኩ።

የገዛሁት ሁለት ሰሌዳ ሲሆን እያንዳንዱ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀዳዳዎቹ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው፣ እርስ በርስም 25 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ላሜራው ጠንካራ ነው፤ የእጅ መላጊያዎቼን፣ ሦስት መጋዞችንና ትልቁን መዶሻ አንድ ላይ ተሸክሞ እስካሁን አልጎበጠም። ይሁን እንጂ ሰሌዳውን ሰቅሎ መሣሪያውን እንዳመቸ ማንጠልጠል ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ባዶ መንጠቆ ምን እንደጎደለው አይናገርምና። ስለዚህ የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅርጽ ዙሪያውን በእርሳስ አውጥቼ ውስጡን በቢጫ ዘይት ቀለም ቀባሁት። መሣሪያው በቦታው ሲሆን ቢጫው ይሸፈናል፤ ሲነሳ ግን የመሮው ወይም የስኳድራው (የማዕዘን መለኪያው) መልክ ከበሩ ጀምሮ ፊት ለፊት ይታያል። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎችም ሞተር ውስጥ ተረስቶ የቀረ መፍቻ እንዳይኖር የሚቆጣጠሩት ቦታቸው በቅርጽ በተለየ መሣሪያዎች ነው። እኔ ዘንድ ማታ መብራት ከማጥፋቴ በፊት አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ማየት ይበቃኛል፤ ቢጫ ከታየኝ ሰጋቱራውን ሳልፈትሽ አልጠርግም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን በማዋስ ረገድ ነው። ጎረቤት መጋዝ ሲጠይቅ እምቢ አይባልም፣ ሳይመልስ ሲቀር ደግሞ ይሉኝታ ይዞን አንጠይቅም፤ እንዲህ እየሆነ ስንቱ መዶሻና ፒንሳ ቤት ቀይሮ ቀርቷል። አሁን ከሰሌዳው አጠገብ የፕላይውድ ቁራጮች በክር ተንጠልጥለዋል፤ ተዋሹ ራሱ ስሙንና ቀኑን ጽፎ መሣሪያው በነበረበት መንጠቆ ላይ ይሰቅለዋል። መጀመሪያ ቅር የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አንድ ትልቅ ሰው ትራፓኖዬን ይዘው ከሄዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ መጥተው፣ ስማቸውን ግድግዳው ላይ ሲያዩ «ውይ፣ እኔ ዘንድ ነው ለካ!» ብለው ያንኑ ዕለት መለሱልኝ። እኔ ምንም አላልኩም።

ጉድለቱ መንጠቆዎቹ ላይ ነው። አብረውት የመጡት ከቀጭን ሽቦ የተሠሩ ስለሆኑ በቀዳዳው ውስጥ ይላወሳሉ፤ መሣሪያውን ሲያነሱት መንጠቆውም አብሮ ይወጣል። ሻጩ ሌላ ዓይነት እንደሌለው ነገረኝ። በመጨረሻ ለአንድ በያጅ 5 ሚሊ ሜትር ክብ ብረት ሰጥቼ ባለ ሁለት ጥርስ መንጠቆዎች አሳጠፍኩ፤ እነዚህ አንዴ ከገቡ አይነቃነቁም። ስለዚህ ገዢ የመንጠቆውን ወጪ ከሰሌዳው ዋጋ ጋር ደምሮ ቢያስብ ይሻለዋል።

ሌላው ጥፋት ግን የራሴ ነበር። ሰሌዳውን በቀጥታ ብሎኬቱ ላይ አስጠግቼ ስለመታሁት የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ የግድግዳው እርጥበት ወደ ብረቱ ተሻግሮ ከጀርባው ዝገት ጀመረው፤ ሐይቅ አጠገብ በሆነ ከተማ ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። አሁን ከጀርባው ሁለት ሞራሌ (ቀጭን የጣውላ ዘንግ) አግድም አስገብቼ አየር እንዲያልፍበት አድርጌያለሁ፣ ለመንጠቆዎቹ ጥርስም ቦታ ተገኘ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸሩ (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) በደንብ መያዙን ሳያረጋግጡ ክብደት መስቀል አይገባም። መሮዎቹንና መላጊያዎቹንም በየሁለት ሳምንቱ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በነካ ጨርቅ አብሳቸዋለሁ።

ሰሌዳው ለደቃቅ ዕቃ አይሆንም። ፑንታዎቼን፣ ማለትም የትራፓኖ መብሻ ጫፎቼን፣ ያስቀመጥኩት በዋንዛ ቁራጭ ላይ ከ1 እስከ 10 ሚሊ ሜትር በየልካቸው በበሳኋቸው ጉድጓዶች ውስጥ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ለሚሰበረው ባለ 3 ሚሊ ሜትሩ ሁለት ጉድጓድ ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱ ባዶ ሆኖ ባየሁ ቁጥር ሁለተኛው ሳይሰበር ገዝቼ እተካለሁ።