እናቴ ቤት የሴፕቲክ ታንክ ያስመረመርንበት አገልግሎት

ለእረፍት ከውጭ መጥታችሁ ወላጆቻችሁ ቤት የምታርፉ ከሆነ ይቺን አንብቡልኝ። የሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም የቤት ፍሳሽ የሚጠራቀምበት የተቀበረ ታንክ፣ ማስመጠጥና ማስመርመር ለየቅል ናቸው። እኛ ቤት ሁለቱንም አይተናል።

የሽንት ቤቱ ውሃ እየተጎተተ ነበር የሚወርደው። ግቢውም ይሸታል። መጀመሪያ የመጣው ባለ መምጠጫ መኪና ነው። ሰዓቱን አከበረ፣ ሰውየውም ትሁት ነው። ቱቦውን ከትቶ መጠጠና ሄደ። ታንኩ ውስጥ ምን እንደተበላሸ ግን አላየም። ታንኩ እስኪሞላ ሽታው ጠፋ፣ ሲሞላ ተመለሰ። ለመምጠጥ ብቻ ከሆነ አሁንም እጠራዋለሁ።

ሁለተኛው ሰው ሌላ ነው። ክዳን ሳይነካ እናቴን ጠየቃት፦ «እማማ፣ ስንት ሰው ይኖራል? መቼ ተመጠጠ? ውሃው የሚቆመው አንድ ቦታ ነው ወይስ ሁሉም ጋ?» ከዚያ የመውጫውን ክዳን ፈለገ። አፈር ስር ተቀብሮ ስለነበር በቀጭን ብረት እየወጋ አገኘው። ብዙዎች የመግቢያውን ብቻ ከፍተው ያልፋሉ። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ መውጫው ጋ ነው።

ጤነኛ ታንክ ውስጥ ያለው ፍሳሽ ከመውጫው ቧንቧ የታችኛው ከንፈር እኩል ይቆማል። በቅርቡ ሳይመጠጥ ከዚያ ካነሰ ታንኩ ያፈሳል ማለት ነው። ከበለጠ መውጫው ተደፍኗል፣ ወይም ከታንኩ የሚወጣው ፍሳሽ የሚሰርግበት ማስረጊያው መሬት ጠግቧል። የእኛ ከፍ ብሎ ነበር። መውጫው ላይ ያለው ቲ ቧንቧ (የT ቅርጽ ያለው) በእርጥብ ሶፍትና በረጋ ቅባት ተጠቅጥቆ ተገኘ። ሲያጸዳው ፍሳሹ ወርዶ ልኩ ላይ ቆመ። ከዚያ ቧንቧ ሁሉ አስከፈተና ማስረጊያው መቀበሉን ቆሞ አየ። አዲስ ጉድጓድ እናስቆፍር ስንል ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ ከዚያ ወጪ አዳነን።

በጣም ያከበርኩት ጥንቃቄውን ነው። ልጆቹን አራቀ፣ ሲጋራ ከለከለ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ አላስገባም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፣ ሰው ይገድላል። የወደቀ ዕቃ ለማንሳት ብሎ ማንም እንዳይገባ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ለደቂቃም ጥላችሁ አትሂዱ።

ቅሬታዬ አንድ ነው። ያየውን በቃል ተናግሮ ሊሄድ ነበር። ለምነን ነው ያስጻፍነው። እኔ ስመለስ እናቴ እጅ ላይ የክዳኖቹ ቦታና የዝቃጩ ልክ በወረቀት መቅረት አለበት።

ዝቃጩ የሚለካው ከመመጠጡ በፊት ነው። ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለበት ዘንግ እስከ ታች ይሰዳል፣ ጨርቁ ላይ የቀረው ጥቁር ምልክት ልኩን ያሳያል። የዝቃጩ አናት ለመውጫው 30 ሴንቲ ሜትር፣ ወይም የተንሳፋፊው ቅባት ግርጌ 15 ሴንቲ ሜትር ከቀረው ማስመጠጥ ነው። ምርመራው በየ3 ዓመቱ ቢደረግ ይበቃል። ባክቴሪያ ነው ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት አትግዙ፤ ባክቴሪያው ከፍሳሹ ጋር ራሱ ይገባል። ሰው ስትጠሩ ሁለቱንም ክዳን ከፍቶ፣ ለክቶ፣ ጽፎ እንዲሰጣችሁ ከመጀመሪያው ተስማሙ።